ጠረን ያለው ግቢ

ለምሳሳልህ ወንድሜ ለሥዩም፣

ወንድምዓለም፣ እንዴት ከረምክ? ወገብህስ? ያ ከጆንያ ሸክም የመጣብህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ እንደ ልማድህ ትደብቀኛለህ? የጅቡቲ ሙቀት በዚህ ወራት ሰው አያስተኛም፣ ሰዉ ጣራ ላይ ወጥቶ ነው የሚያድረው ብሎ የጎረቤታችን ልጅ አበጀ ነግሮኛል፤ እናንተም እንዲያ ናችሁ? ባለቤትህ ህይወት እንዴት ናት? ሳሏ ተሻላት? ብሩክታዊትስ የፊት ጥርሷን ነቀለች? እንዲያ ሆና ስትስቅ ማየት አማረኝ። እኛ በአምላክ ቸርነት አለን። ዶሮዋ ጫጩት አውጥታለች፣ የእኔም ጉልበት ብርዱ ሲያልፍ ተሽሎኛል። እናታችንም ደህና ናት። ይህን የምልህ ለወጉ አይደለም። እንዴት ደህና እንደሆነች ለመንገር ነው ይህን ሁሉ ወረቀት የያዝኩት።

ስልክ እያለ ለምን ጻፈች ትል ይሆናል። ስልክ ላይ አንተ ትናገራለህ፣ ከኋላህ የወደቡ መኪና ይጮኻል፣ እኔ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ፣ ከዚያ ይቋረጣል። ልነግርህ ያሰብኩት ሁሉ የሚመጣልኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። አሁን ግን «እሺ» ብዬ የማልዘጋው ነገር ገጥሞኛል። የጎረቤታችን የደስታ ልጅ አበጀ ከጭነት መኪናው ጋር ወደ እናንተ ስለሚወርድ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ነገሩ ስለ ግቢው ነው፤ ሲሚንቶ ይለበስ ስላልከው ግቢ።

ያዘዝክበትን ምክንያት አልረሳሁም። አምና ክረምት በገጠሩ ቤታችን፣ ቤተ ልሔም ቀበሌ ሳለን እናታችን ደጃፉ ላይ ጭቃ አንሸራቷት ክንዷ ሲሰበር፣ አንተ እዚያ ሆነህ እንቅልፍ እንዳጣህ ህይወት ነግራኛለች። ለዚህ ብለህ አርብ ገበያ ከተማ ቤት አሠራህልን፣ ሲሚንቶውንም አስመጣህ፣ ግምበኛውን አወቀንም በስልክ «ከግድግዳ እስከ አጥር ስንዝር አፈር እንዳይታይ፤ ክረምት ሳይገባ ይለበስ» ብለህ አዘዝከው። እኔም ዓይን ለሌላት እናት ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ እሺ አልኩ። አሁን ግን ግቢው እንዳለ ቢለበስ እናታችን ዳግመኛ ከቤት እንደማትወጣ ገብቶኛል። እንዴት እንደገባኝ ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ ለእኔም ቢሆን ነገሩ የገባኝ ዞሮ ዞሮ ነው።

ከጥምቀት በኋላ ወደዚህ ስንገባ ቤቱ አማረን። ቆርቆሮው ከሩቅ ያብረቀርቃል፣ መስኮቱ መስታወት አለው፣ በሩ ሲዘጋ ድምፁ የሹም ቤት ይመስላል። ግቢው ግን ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ተጠርጎ ተደልድሎ ነበርና ከአቧራና ከጠጠር በቀር ምንም አልነበረበትም። እናታችን ብዙም ሳትቆይ መውጣት ተወች። ዓይኗ ከጠፋ በኋላም ቤተ ልሔም ዶሮ ታበላ፣ ጌሾ ትለቅም፣ እንግዳ እስከ አጥሩ በር ትሸኝ የነበረች ሴት፣ መደቡ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የእኔን እጅ ትጠብቃለች። ከእህልም ቀነሰች። «ወደ ቤቴ መልሱኝ» ትላለች። ያ ቤት ጣራው ወርዶ እንደቀረ፣ የደም ግፊት መድኃኒቷም የሚገኘው እዚህ ጤና ጣቢያ እንደሆነ ስነግራት «አውቃለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ግን «ይሄ ግቢ አፍ የለውም» አለችኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ የግድግዳው ጉድ መጣ። ይህን በስልክ አልነገርኩህም፣ አፍሬ። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ተሰነጣጠቀ፤ ያ ያለ ነው። ለሁለተኛው ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተን፣ ውሃ እያጠጣን፣ እስኪሸት ድረስ ማሰንበት ነበረብን። ጭዱ ውስጥ የቀረ ፍሬ ካለ የሚበሰብሰው ያኔ ነው። አንተ ደግሞ በየስልኩ «ቶሎ፣ ቶሎ» ትለኛለህ። ጭዱ ከአጎታችን አውድማ የመጣ የገብስ ጭድ ነው፤ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ አጣድፏቸው እንደነገሩ የወቁት። እኔም ጭቃውን ሳላሰነብት አስመረግሁት። ግድግዳው ልስልስ ብሎ ሲታይ ኮርቼ ነበር። የመጋቢት ካፊያ ሲያገኘው ግን፣ ወንድምዓለም፣ ግድግዳው በቀለ። ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ አረንጓዴ ገብስ፣ እንደ ጎረምሳ ጢም።

ደስታን ታውቃታለህ፤ ሱቋ ከመንገዱ ማዶ ነው፣ ድምፅዋ ግን ገበያው መሃል ይደርሳል። «አማረች! ግድግዳሽ ደረሰልሽ፤ ማጭድ ላውስሽ?» አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ዝም ይላል? አንዱ አላፊ «ይሄ ስንት ጥማድ ይሆናል?» ይላል፣ ሌላው «ወፍ ጠባቂ ቅጠሩለት እንጂ» ይላል። እኔ ሰው ሳይበዛ ልፋቀው ብዬ ቢላ ይዤ ወጣሁ። እናታችንንም ወደ ጓሮ ማድረስ ነበረብኝና በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው ቢላውን ይዤ ስንዞር እጇ ግድግዳውን ነካ። ቆመች። መለስ አድርጋ ዳበሰችው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ገብስ ነው አልኳት። «ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» አለች። ጭቃው ሳይሰነብት መርገነው በቅሎ ነው አልኳት። ነጠላዋ ከትከሻዋ እስኪወድቅ ሳቀች። «የእኔ ልጅ ቤት ዘራች!» እያለች ሳቀች። እዚህ ከገባን ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። «ቢላውን አስቀምጪ፣ እንዳትነኪብኝ» አለችኝ። ቢላ መያዜን በምን እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

በማግስቱ ከመደቡ ላይ አጣኋት። ደንግጬ ስወጣ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ብቻዋን ትሄዳለች። «እዚህ ጋ ወፈር ይላል፣ ኩሽናው ቀርቧል ማለት ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ሳሳ ብሏል፣ መስኮቱ ነው» ትላለች፤ ለራሷ ነው የምትናገረው። እንዲህ ስትሄድ ሰነበተች። ካፊያው ሲያቆም ገብሱ ቢጫ ሆነ፤ ከግድግዳ ላይ ምን ይጠጣል? ገብሱ ሲረግፍ እናታችንም ወደ መደቧ ተመለሰች።

ያኔ ነው አጠገቧ ተቀምጬ፣ ግቢው አፍ የለውም ያልሽው ምን ማለትሽ ነው ብዬ የጠየቅኋት። ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። «አንቺ ዓይን ያለሽ ሰው ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። «እዚያ ቤት ከበር ስወጣ ጤና አዳሙ ቀሚሴን ይዞ ይሸተኛል። ወደ ግራ ስል ዳማከሴው ኩሽናው እዚህ ነው ይለኛል። ግራዋው ሲመረኝ ወደ ጓሮ ዞሬያለሁ ማለት ነው። ጌሾው ሥር ንቡ ይጮኻል፤ ከዚያ ካለፍኩ አጥር ነው። ሁሉም እዚህ ነሽ፣ እዚህ ነሽ ይለኛል። እዚህ ግን ወጥቼ ብቆም የሚያናግረኝ የለም።»

ሥዩም፣ አንተና እኔ እዚያ ግቢ ነው ያደግነው። እኔማ ዕድሜዬን በሙሉ ከዚያ አልወጣሁም። አንድም ቀን ይህን አስበነው እናውቃለን? እኔ እናታችን መንገዱን በእግሯ ለምዳው የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ቀን ማንም ሳያየኝ ግቢው መሃል ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። እውነትም ምንም አይልም። የአቧራ ሽታ አለ፣ እሱም ከሁሉም በኩል አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚህ ነገር ላይ ሆነ። ከደስታ ሱቅ ስኳር የተጠቀለለበትን ወረቀት ሳላነብ እንደማልጥል ታውቃለህ። በሚያዝያ አንድ ቀን የመጽሔት ቅዳጅ መጣልኝ፤ የየት አገር እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ተቆርጧል። ከፍ ያለ ፎቅ ነው፣ በየፎቁ በረንዳ ላይ ዛፍ አለው። የአበባ ማሰሮ እንዳይመስልህ፣ ዛፍ! ወደ ሲማዳ ስንሄድ ገደሉ ላይ ከድንጋይ መሃል የሚበቅለው ቁጥቋጦ አለ አይደል? ልክ እንደዚያ፤ ቤቱ ራሱ ገደል ይመስላል። ከሥሩ «ነዋሪዎቹ በየማለዳው» ይልና መቀሱ ቆርጦታል። በየማለዳው ምን? ውሃ ያጠጣሉ? የላይኛው ሲያጠጣ ታች ያለው ሰውዬ አናቱ ላይ አይፈስበትም? ሥሩስ ወዴት ይሄዳል፣ ጣራውን አይሰነጥቀውም? አንተ ወደቡ ላይ ትልልቅ ፎቅ ታያለህና እንዲህ ያለ አለ እንደሆነ ጻፍልኝ። ካለም ገብተህ ዘበኛውን ጠይቅልኝ፤ የሚያውቀው ዘበኛው ነው።

ገጠር ሳለን ቤት ማለት ለሌሊትና ለዝናብ ነበር። ቀኑን የምንውለው ውጭ፣ ከዛፉና ከሣሩ ጋር ነው። ስለዚህ ቤቱ ጨለማና ጠባብ ቢሆንም ማንንም አልከፋውም፤ አረንጓዴውንም ማንም ስም ሰጥቶ አልጠራውም፣ እንደ አየሩ ነበር። ከተማ ስንገባ ቤቱን አሰፋንና ውጭውን ጠረግነው። የዚህ ሰፈር አጥር ለአጥር ቆርቆሮ ነው፤ ከበር ብትወጣም ውጭ አልወጣህም። እና ውጭው ከሌለ ቤቱ ራሱ ይዞት መምጣት አልነበረበትም? ቤተ ክርስቲያኑንስ ተመልከት። ቤተ ልሔም የቆመችው በዛፍ መሃል ነው፣ ቅጠል የሚቀጥፍ የለም። የእግዚአብሔርን ቤት በጥላ ከበን የራሳችንን ራቁቱን የምንተወው ለምንድን ነው? ይህን መሪጌታ ተክለ ሃይማኖትን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን ፍየል የላትማ!» ብለው ሳቁብኝ። ቀልድ ነው ብዬ ሄድኩ፤ መንገድ ላይ ሳስበው ግን ግማሹ እውነት ነው።

እዚያው ቤተ ልሔም የሄድኩት ሥር ልነቅል ነበር። የድሮ ግቢያችን ጣራው ቢወርድም ተክሉ አለ፤ እንዲያውም ሰው ሲለቅለት ጎልምሷል። ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውን፣ እጀታ የሚያህል የግራዋ ግንድ ከነሥሩ በርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ በአህያ አመጣሁ። አፈሩንም ትንሽ ዘግኜበት። ዳማከሴውን ኩሽናው በር ላይ፣ ግራዋውን ሽንት ቤቱ ዘንድ ተከልኩ። ጤና አዳም ሁለት ሥር ጸድቆልኝ ስለነበር አንዱን ቤቱ በር ላይ፣ ሌላውን አጥሩ በር ላይ አደረግሁ። ስገባም ስወጣም ቢሸተኝ ያምራል ብዬ። እዚህ ላይ ነው ጉድ የሆንኩት።

ዓርብ ነበር፣ ገበያተኛው በበራችን ይተማል። እኔ ውሃ ልቀዳ ወጥቼ በሩን አልዘጋሁትም። እናታችን ወጥታ፣ ስትዞር ዞራ፣ ጤና አዳሙ ሲሸታት ቤቴ በር ደረስኩ ብላ አረፍ አለች። የተቀመጠችው ግን አጥሩ በር ላይ፣ መንገድ ዳር ነው። ስመለስ ከሩቅ ድምፅዋን ሰማሁ። «ማነህ አንተ፣ አህያ ይዘህ ሰው ቤት የምትገባ?» ትላለች። ሰውየው ገብስ የጫነ ገበሬ ነው፤ ቆመ። «እሜቴ፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ» አላት። «መንገዱን ታዲያ ማን ቤቴ ውስጥ አመጣው?» አለችው። እሱም ሳያቅማማ «እንግዲህ ከገባሁ ገባሁ፤ ጠላ ያስመጡልኝ» አላት። ገበያተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ የባለሱቋ የደስታ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። እናታችን ነገሩ ሲገባት አብራ ሳቀች። ቤት ስንገባ ግን ተቆጣችኝ። «ለሁለት በር አንድ ስም ትሰጫለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰውየውንም ጠላ አጠጣነው፤ አሁን በየዓርቡ «ቤት ውስጥ እንዳትሉኝ፣ በውጭ ነው የማልፈው» እያለ ይሰላመናል።

አጥሩ በር ላይ ያለውን ጤና አዳም ነቅዬ ለደስታ ሰጠኋት። በምትኩ ከወንዝ ዳር አንድ እቅፍ ሸምበቆ ከነሥሩ አምጥቼ ተከልኩ፤ ሸምበቆ ጠረን የለውም፣ ነፋስ ሲነካው ግን ይንሿሿል። እናታችን ይህን ወደደችው። «ይሄኛው ይናገራል» አለች። የምንታጠብበትን ውሃ ወደ ሥሮቹ አዞርኩት፤ ከዚህ በፊት ወደ መንገድ ፈስሶ ጭቃ ይሠራ የነበረው ውሃ ነው። ደስታ ግን «ቅጠል ካበዛችሁ እባብ ትጠራላችሁ» አለች። እናታችን «ደስታ፣ ይምጣ፤ እሱ እንኳ እንዳንቺ አይጮኽም» አለቻት። ሁለቱ እንዲህ ሲነካከሱ ይውላሉ። ቀድሞ እናታችን የምታናግረው ሰው አልነበራትም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅህ። በመጋቢቱ ካፊያ ከኩሽናው ጎን የጣልኩት የዱባ ፍሬ ሐረጉን ዘርግቶ በመሰላሉ ጣራ ላይ ወጣ። እኔ አላወጣሁትም፣ ራሱ ነው። የቆርቆሮውን ግማሽ ሸፈነው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ ቤቱ ምጣድ ይሆናል፤ ከዱባው በታች ያለው ክፍል ግን የሚቀዘቅዝ መሰለኝ። መምሰል ብቻ እንዳይሆን ለፀጉር የገዛሁትን ቅቤ ሁለት ቦታ ከፍዬ በሁለቱ ክፍል አስቀመጥኩት። አንዱ ቀልጦ ሳህኑን ሞላ፤ ከዱባው በታች ያለው እንደተቀመጠ ዋለ። እናታችን «ቅቤ ታስፈትኚያለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ቢሆንም መደቧን ወደዚያ ክፍል አስዛወረችኝ። ደስታ ደግሞ «ቅጠል ቆርቆሮ ያዝጋል» ትላለች። እውነት ነው? አንተ ባሕር ዳር ብረት ሲዝግ የምታይ ሰው ነህና ምን እንደሚያዝገው ታውቃለህ። ቅጠሉ ቆርቆሮውን እንዳይነካ ከሥሩ የሸምበቆ ርብራብ ባደርግበትስ?

እንዲህ እያልኩ ግምበኛውን አወቀን ረስቼው ነበር። ጰራቅሊጦስ ባለፈ ማግስት አካፋና አሸዋ ይዞ፣ ሠራተኞቹን አስከትሎ መጣ። ግቢውን አየና «አማረች፣ ይሄን ቅጠላ ቅጠል ማን ይንቀለው? አንቺ ወይስ እኔ?» አለኝ። ላስረዳው ከየት እጀምራለሁ? ከገብሱ? ከስኳሩ ወረቀት? ይህን ሳስብ አንዱ ሠራተኛ አካፋውን ወደ ዳማከሴው አነሳ።

እናታችን የአካፋውን ድምፅ ሰምታ ወጣች። ጤና አዳሙ ቀሚሷን ዳሰሳት። ወደ ኩሽናው ሄዳ ዳማከሴውን ቀጠፍ አድርጋ አሸተተች፤ ሠራተኛው አካፋውን እንደያዘ ወደ ኋላ አለላት። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ሸምበቆው አድርጋ ግቢውን አቋርጣ እስከ አጥሩ በር ደረሰች። አወቀ እዚያ ቆሟል። እጇን ስትዘረጋ ደረቱን ነካች። «አወቀ፣ ደህና አደርክ? መንገዴ ላይ ቆመሃል» አለችው። እሱ ፊቷን አየ፣ እግሯን አየ። «እማሆይ፣ ዓይንዎ በራ እንዴ?» አላት። «የእኔስ አልበራም፤ የአንተ ግን በርቶም ዳማከሴ ልታስነቅል ነበር» አለችው።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ብነግርህ አታምንም። አካፋውን አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ፤ ያ ትልቅ ሰውዬ። እጁን ዘርግቶ መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ አጥሩን በግንባሩ መታው። ሠራተኞቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። «ኧረ አሽትት! አፍንጫህን ለጌጥ ነው የያዝከው?» አለችው እናታችን። እንደገና ሞከረ። «ኩሽናውን ይዣለሁ» ብሎ ግራዋው ዘንድ ደረሰ። «ምሳህን ሽንት ቤት ትበላለህ?» አለችው። ዓይኑን ሲገልጥ አልሳቀም። ቅጠሉን በጣቱ አሽቶ አሸተተና ቁጢጥ ብሎ ቆየ። «የሥዩም ትእዛዝ ከግድግዳ እስከ አጥር ነው» አለኝ በመጨረሻ። «እኔ የታዘዝኩትን ካልሠራሁ ነገ ለምን ብሎ የሚጠይቀው እኔን ነው።» እኔ እጽፍለታለሁ አልኩት። «ምን ብለሽ?» አለኝ። እኔ አስቀርቼዋለሁ ብዬ፣ አልኩት። ከአፌ መውጣቱን የሰማሁት እኔም ከእሱ ጋር እኩል ነው።

እና ይኸው ጽፌልሃለሁ። ግቢውን ሲሚንቶ ማልበሱን እኔ አስቀርቼዋለሁ። ሲሚንቶው ግን አልባከነም። ከቤቱ በር ወደ ኩሽናው፣ ወደ ሽንት ቤቱና ወደ አጥሩ በር ጠባብ መንገድ ሠራንበት፤ ሁለት ሰው ተደጋግፎ የሚያልፍበት ያህል፣ ውሃ እንዳይተኛበት ከመሬቱ ከፍ ያለ። እግር እንዳያንሸራትት አወቀ ገና ርጥብ ሳለ በመጥረጊያ ጫረው። ግራና ቀኙ አፈር ነው፤ ተክሉ ከመንገዱ ዳር ቆሞ ቀሚስ ይነካል። የቀረውን የሽንት ቤቱን ወለል አሳመርንበት፣ ከአሸንዳው ለሚወርደው ውሃም ጉድጓድ ለሰንንበት፤ በበጋ ተክሉን የማጠጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ አሁን «ይለበስ» ብትል የሚለበስበት ሲሚንቶ የለም። ቤቱ የአንተ ነው፣ የለፋህበት አንተ ነህ፤ ብትቆጣ አይገርመኝም። ብትቆጣ ግን በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ ተቆጣኝ፤ ደጋግሜ አንብቤ እንድመልስልህ።

የፈራኸውንም አልሸሽግህም። ባለፈው ሳምንት የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ጣለ። እናታችን ዝናቡ እንዳባራ ወጣች፤ ርጥበቱ ጠረኑን ሁሉ አንስቶት ነበርና «ዛሬ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ» አለች። ከመንገዱ አንድ እግሯ ወጥቶ አፈሩ ላይ አንሸራተታት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ልደርስባት አልቻልኩም። እሷ ግን የግራዋውን ግንድ ይዛ ቀረች። ወጣት ግንድ ነው፣ ጎበጥ አለ፣ አልተሰበረም። እኔ ሮጬ ስደርስ እጇን አሸተተችና «ወደ ሽንት ቤቱ አዘንብዬ ነበር ለካ» አለች፤ ከዚያ እግሯን መንገዱ ላይ መልሳ ወደ አጥሩ በር ሄደች። ልያዝሽ ስላት «ዓይንሽን ወደ ሥራሽ» አለችኝ። ሲሚንቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምን ትይዝ ነበር? አንተ መልሱን ካገኘህ ጻፍልኝ።

አሁን በየጠዋቱ ብቻዋን ወጥታ ሸምበቆው ሥር ትቀመጣለች፣ ከደስታ ጋር ትሟገታለች፣ ገበያተኛውን ትጠይቃለች። እህሏም ተመልሷል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ናት፤ «ምን ምን አልሽው?» እያለች አላስጽፍ አለችኝ። ሁሉንም አነበብኩላት። ጨርሼ ስጠብቅ «የእሱስ በር ላይ ምን አለ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አበጀ ሁሉም ሲሚንቶና ብረት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው ይላል አልኳት። «እንግዲያው ጠይቂልኝ» አለች። «ማታ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ መድረሱን በምን እንደሚያውቅ ይጻፍልኝ። የዓይን ነገር አይጻፍልኝ፤ ሽታውን፣ ድምፁን ይጻፍልኝ። አንድ ቀን እግዜር ፈቅዶ ብሄድ በሩን ሰው ሳልጠይቅ እንዳገኘው።»

ለህይወት የናፍቆት ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የሳሏን ነገር ችላ አትበል። ብሩክታዊትን ስለ እኔ ጉንጯን ሳምልኝ፤ አያቷ ደግሞ ስለ እሷ ግንባሯን ሳም ብላለች። ጎረቤት ደስታ ሰላም ብላሃለች፣ ልጇ አበጀ በደህና እንዲደርስ እንድታየው አደራ ብላለች። መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት አስበውሃል። አወቀም ሰላም ብሎሃል፤ ግንባሩ እብጠቱ ወርዷል። እናታችን ትመርቅሃለች፣ ምርቃቱ ብዙ ስለሆነ ወረቀቱ አልበቃውም። እግዚአብሔር ከሙቀቱና ከክፉው ሁሉ ይጠብቃችሁ።

እህትህ አማረች
አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት
ሰኔ ፳፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.